ጥቁሩ እስከ ምን ድረስ ጥቁር ነው?

የጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ታሪክ ሲነሳ ሁልጊዜ የሚጠየቀው ማን አነሳው ነው። በምን ወረቀት ታተመ፣ ጥቁሩን ማን ወሰነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። እኛ ደግሞ ነገሩ ከዚሁ መጀመር አለበት እንላለን። ግራጫ የሚባለው ነገር ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ መሣሪያውና ባለሙያው የሚወስኑት ነውና።

አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በ1905 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ወደ አገራችን መጥቶ የዳግማዊ ምኒልክ ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ። ሙያውም ለልጆቹ ለሃይጋዝና ለቶኒ ተላለፈ። በዚያ ዘመን በብዛት ይሠራባቸው የነበሩት የመስታወት ነጋቲቮች ለሰማያዊ ብርሃን እንጂ ለቀይ አይነቁም። ስለዚህ ሰማያዊው ነገር ነጣ ብሎ፣ ቀዩ ጥቁር ሆኖ፣ ቢጫውም ጠቆር ብሎ ይወጣል። ከእንዲህ ያለ ፎቶ ላይ የሰንደቅ ዓላማ ቀለማትን ቅደም ተከተል ለማንበብ የሚሞክር የታሪክ ተማሪ ጠንቀቅ ማለት አለበት! ጠይም ፊትም እንደዚሁ ዓይን ከሚያየው በላይ ይጠቁራል። አያቶቻችን ከሰል መስለው ካየናቸው የኬሚካሉም እጅ አለበት ማለት ነው።

መርካቶ፣ ጣልያኖች በወረራው ዘመን (1936–1941) የአራዳን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፍተው የተከሉት ሰፈር፣ ስሙም የነሱ ሆኖ የቀረው፣ ዛሬ ፎቶ በኮምፒዩተር ይታተምበታል። ኬሚካሉ ቀረ፤ ውሳኔው ግን አልቀረም። በ1993 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የቀለም ኅብረት የእያንዳንዱ ስክሪንና ፕሪንተር ቀለም የሚመዘገብበትን ፕሮፋይል ደነገገ። ፕሪንተሩ ማውጣት የማይችለው ቀለም ሲመጣ ምን ይደረግ ለሚለውም አራት መንገድ ተዘረጋ።

ይህን የመርካቶ ተሸካሚ አሳምሮ ይረዳዋል። ጭነቱ ብዙ፣ መኪናው ትንሽ ነው እንበል። ፐርሰፕቿል የሚባለው መንገድ ሁሉንም እኩል ጠቅጥቆ ያስገባል፤ ሁሉም ይጠባል፣ ቅደም ተከተሉ ግን አይፈርስም። ሬላቲቭ ኮሎሪሜትሪክ የሚበቃውን እንዳለ ጭኖ የተረፈውን ጠርዝ ላይ ይከምረዋል። አብሶሉት የሚባለው የዋናውን ወረቀት ቀለም ሳይቀር ይቀዳል፤ ቢጫማ የነበረውን ወረቀት በነጩ ላይ ቢጫ አድርጎ ያትመዋል። አራተኛው፣ ሳቹሬሽን፣ ለደማቅ ሠንጠረዥ ነው፤ እኛን አይመለከተንም።

በጥቁርና ነጭ ሥራ ትልቁ ጣጣ ያለው ከጨለማው በኩል ነው። ተራ ወረቀት ላይ ያረፈ ቀለም ስክሪን ላይ እንዳየነው አይጠቁርም። ሬላቲቩ ዝም ብሎ ከተለቀቀ፣ ከወረቀቱ ጥቁር በታች የነበረው ጥላ ሁሉ አንድ ድፍን ጥቁር ይሆናል። የጥቁር ነጥብ ማካካሻ የተባለው ምርጫ ሲበራ ግን የፋይሉን ጥቁር ከወረቀቱ ጥቁር ጋር አገናኝቶ መካከሉን ያመቻቻል፤ ያን ጊዜ ከፐርሰፕቿል ጋር ብዙ አይራራቁም። ግራጫው ከሦስት ቀለማት ተደባልቆ ሲወጣ ደግሞ አረንጓዴ ወይ ሐምራዊ የሚልበት ጊዜ አለ፤ ለዚህ ነው አንዳንድ ፕሪንተሮች ግራጫ ቀለም ለብቻው የሚጫንላቸው። (የኛው ስቴንስልማ ግራጫ ብሎ ነገር አያውቅ!)

ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ? በመስቀል አደባባይ በ2010 የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ግድግዳ በጥቁርና ነጭ ፎቶዎች የተሞላ ነው። ብዙዎቹ በኛ ዕድሜ ሳሉ የተገደሉ ናቸው። የነሱን የመሰሉ ትናንሽ ጉርድ ፎቶዎች በየቤቱ ሳጥን ውስጥ አሉ፤ ሌላ ቅጂ የላቸውም። ቤተሰብ አንዱን አውጥቶ ለማሳደግ ወደ መርካቶ ሲወስድ ጥላው ውስጥ ያለው አፍሮ ጠጉር ነው፣ ጥቁር ኮት ነው፣ ጠይም ጉንጭ ነው። ማካካሻው ካልበራ አፍሮው ከኋላው ካለው መጋረጃ ጋር ይዋሃዳል፤ የልጁ ራስ የት ላይ እንደሚያልቅ አይታወቅም። ከበራ የጠጉሩ ዳር ይለያል፣ የኮቱም ቁልፍ ይቆጠራል። አታሚው የሚነካው አንዲት ትንሽ ሳጥን ናት፣ ጠይቁት።