ያበደው ማን ነው?

በደቡብ ጀርመን፣ የአልፕስ ተራሮች ከሜዳው ድንገት ብድግ በሚሉበት ቦታ፣ ገደል አናት ላይ የቆመ ነጭ ግንብ አለ። ስሙን የማያውቅ ሰው እንኳ መልኩን ያውቀዋል፤ በቀን መቁጠሪያ ላይ ወይም በፖስት ካርድ አይቶታል። ዋልት ዲዝኒ በ1955 (ዘመኖቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ካሊፎርኒያ ውስጥ የልጆች መዝናኛውን ሲከፍት ላሠራው ግንብ መነሻ ከሆኑት አንዱ ይኸው ነው። ኖይሽቫንሽታይን ይባላል። ሲያዩት ከስድስት ሰባት መቶ ዓመት በፊት ጥሩር የለበሰ ባላባት ይወጣበት ይገባበት የነበረ ይመስላል። ነገሩ ግን ሌላ ነው። የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው በ1869፣ ባቡር አውሮፓን ባዳረሰበት፣ ግንብ ከመድፍ በማያድንበት ዘመን ነው። ታዲያ ለምን ተሠራ?

ባለቤቱ የባቫሪያ ንጉሥ ዳግማዊ ሉድቪግ ነው። በ1864 አባቱ ሲሞት በ18 ዓመቱ ነገሠ። ልጅነቱን ያሳለፈው እዚያው አጠገብ ባለው የአባቱ ግንብ ሲሆን፣ የዚያ ቤት ግድግዳ በጥንት ተረቶች ሥዕል የተሸፈነ ነበር። ከተረቶቹ መሐል አንዱ፣ ስዋን የሚባለው አንገተ ረጅም ነጭ የውሃ ወፍ በሚጎትታት ጀልባ ስለሚመጣ ጀግና የሚያወራ ነው። ልጁ 15 ዓመት ሲሆነው ይህንኑ ታሪክ በሪቻርድ ቫግነር ኦፔራ፣ በ«ሎሄንግሪን» አየው። አየና እዚያው ቀረ።

ዘውድ በጫነ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ቫግነርን አስፈልጎ አስመጣው። ሙዚቀኛው ያን ጊዜ አበዳሪ የሚያሳድደው ሰው ነበር። ንጉሡ ዕዳውን ከፈለለት፣ መተዳደሪያ ቆረጠለት፣ ሥራዎቹን መድረክ ላይ አወጣለት። ሚኒስትሮቹና የሙኒክ ነዋሪ ግን አጉረመረሙ። ገንዘቡ በዛ፤ ቫግነርም በፖለቲካው እጁን ማስገባት ጀመረ። በ1865 መጨረሻ ከሙኒክ እንዲወጣ ተደረገ።

በዓመቱ የባሰ መጣ። በ1866 ባቫሪያ ከኦስትሪያ ጋር ወግና ከፕሩሲያ ጋር ተዋጋች፤ ተሸነፈችም። ከዚያ ወዲያ ጦርነት ቢነሳ የባቫሪያ ሠራዊት በፕሩሲያ ንጉሥ ትእዛዝ ሥር እንዲሆን ውል ተፈረመ። በ1870 ደግሞ ሉድቪግ የፕሩሲያው ንጉሥ የጀርመን ንጉሠ ነገሥት ይሁን የሚል ደብዳቤ ላይ ፈረመ፤ ቢስማርክም በስውር ገንዘብ ይሰጠው ነበር። እንግዲህ ዘውድ አለ፣ ሥልጣን ግን የለም። እውነተኛው መንግሥት ከእጁ ሲወጣ፣ እሱ ብቻ የሚያዝበት ሌላ መንግሥት በድንጋይ መሥራት ጀመረ።

የግንቡን የመጀመሪያ ንድፍ የሣለው ክርስቲያን ያንክ ነው፤ ሙያው የቲያትር መድረክ ትዕይንት መሣል እንጂ ሕንፃ አልነበረም። ከውጭ ድንጋይ የሚመስለው ግድግዳ ውስጡ ጡብ ነው። ውስጡ ደግሞ በጊዜው አዲስ የተባለ ነገር ሁሉ ገብቶበታል፦ በሞቃት አየር የሚሠራ ማሞቂያ፣ በየፎቁ የቧንቧ ውሃ፣ አሽከር የሚጠራበት የኤሌክትሪክ ደወል፣ ስልክ ሳይቀር። በሁለት ክፍሎች መካከል ሰው ሠራሽ ዋሻ አለ። ለዘፋኞች የተሠራ ትልቅ አዳራሽ አለ፤ በንጉሡ ዕድሜ ግን አንድም ኮንሰርት አልተሰማበትም። ቫግነርም ግንቡን ሳያይ በ1883 ሞተ።

ወጪው በግምቱ አልቆመም። ሉድቪግ ከዚህ ሌላ ሁለት ቤተ መንግሥት ያሠራ ነበር። ገንዘቡ የሚወጣው ከራሱ ኪስና ከብድር ነው፤ በ1886 ዕዳው 14 ሚሊዮን ማርክ ገደማ ደረሰ። ሥራው ይቁም ሲሉት ጭራሽ ተጨማሪ ብድር ይፈለግልኝ አለ። ሚኒስትሮቹ መላ መቱ። አራት የአእምሮ ሐኪሞች ንጉሡ ታሟል፣ መግዛት አይችልም ብለው ፈረሙ። ዋናው ሐኪም በርንሃርድ ፎን ጉደን ለዚህ ውሳኔ ንጉሡን አስቀምጦ አልመረመረውም፤ ተመርኩዞ የፈረደው በሌሎች ምስክርነት ላይ ነው። ሰኔ 12 ቀን 1886 ሉድቪግን ከኖይሽቫንሽታይን ወሰዱት። በማግስቱ ማታ የእሱም የጉደንም ሬሳ ከሽታርንበርግ ሐይቅ ወጣ። እንዴት እንደሞቱ እስከ ዛሬ ያከራክራል።

አሁን ቀኑን ልብ ይበሉልኝ። ግንቡ ነሐሴ 1 ቀን 1886 ትኬት ለቆረጠ ሁሉ ተከፈተ። ከቀብሩ በኋላ ሁለት ወር እንኳ አልሞላም። የእብደት ማስረጃ ተብሎ የቀረበው ግንብ ሳይውል ሳያድር የገቢ ምንጭ ሆነ፤ በ1899 የግንባታው ዕዳ ተዘጋ። ባዕድ ዐይን እንዳያየው ብሎ ገደል ላይ የሠራው፣ እሱም በድምሩ 172 ቀን ብቻ ያደረበት ቤት፣ ዛሬ በዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ይጎበኘዋል። በ2025 ዩኔስኮ ከሌሎቹ የሉድቪግ ቤተ መንግሥቶች ጋር በዓለም ቅርስነት መዘገበው።

ይህን የሰማ ሰው «ይኸው ንጉሡ ብልህ ነበር!» ሊል ይችላል። እኔ እዚያ ድረስ አልሄድም። ሚኒስትሮቹ የተጨነቁት ያለ ምክንያት አልነበረም። ንጉሡ ቀን ተኝቶ ሌሊት የሚጓዝ፣ የመንግሥትን ሥራ ችላ ያለ፣ የሚበደረው እንጂ የሚከፍለው የማይታየው ሰው ሆኖ ነበር። ሐምሳ መቶ ዓመት ቆይቶ ቱሪስት ይመጣል ብሎ የሚያበድር ባንክ የለም፤ እሱም ቱሪስት አላሰበም። የትኬት ገንዘብ የሰውን አእምሮ ጤንነት አይመሰክርም።

ግን ዕዳም አይመሰክርም። ስህተቱ እዚህ ላይ ይመስለኛል። የገንዘብ ክርክር በገንዘብ ቋንቋ፣ የሥልጣን ክርክርም በሕግ ቋንቋ መጨረስ ሲገባው፣ አቋራጩ መንገድ ተመረጠ፦ «አብዷል» ተባለ። ይህ ቃል ክርክር ይዘጋል። የተባለው ሰው ሲቆጣ ማስረጃ፣ ዝም ሲልም ማስረጃ ይሆንበታል። ንጉሥን ካላዳነው ዘውዱ፣ ዘውድ የሌለውንማ ምን ያድነዋል?

ታሪክ ደግሞ ፌዝ ይወዳል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ናዚዎች ከፈረንሳይ የዘረፉትን ሥዕልና ቅርስ ያከማቹት በዚሁ ግንብ ውስጥ ነበር፤ በ1945 የአሜሪካ ወታደሮች አገኙት። በሙሉ ጤንነት ሲገዙ የነበሩ ሰዎች ዘረፋቸውን፣ «እብድ» የተባለው ንጉሥ ባሠራው ቤት ደበቁት።

የግንቡ የዙፋን አዳራሽ በወርቅና በሥዕል ተንቆጥቁጧል። ዙፋኑ ግን ተሠርቶ ሳያልቅ ንጉሡ ሞተ፤ ከዚያም ቀረ። ጎብኚው ዛሬም አዳራሹን ዞሮ ሲያበቃ የሚያየው ባዶውን የዙፋን ቦታ ነው።