ከፉሪ የሚታይ ጭስ

ፉሪ ከለቡ ባቡር ጣቢያ አጠገብ የቆመ ሰው ሁለት ዘመን ባንድነት ያያል። በ2009 ዓ.ም. መስከረም የተመረቀው የጅቡቲ ባቡር በኤሌክትሪክ ይሄዳል። እዚያው ሠፈር ደግሞ መብራት ሲጠፋ እናቴ የኤሌክትሪክ ምጣዷን ትታ ወደ ጉልቻው ትመለሳለች። ማገዶው ያው ባሕር ዛፍ ነው።

ስለዚህ ዛፍ ሲወራ መቼም ምኒልክ ይነሣሉ። ትክክል ነው፤ ግን ጎደሎ ነው። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ዙሪያዋ ጥድና ወይራ ነበረው። ቤተ መንግሥቱ፣ የመኳንንቱ ግቢ፣ የወታደሩ ሠፈር ሁሉም እሳት ይፈልጋል፤ ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ኮረብታው ተራቆተ። ስለዚህ በ1893 ዓ.ም. ገደማ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ታስቦ ግንባታ ተጀመረ፤ ቤተ መንግሥት ሊሆን የታሰበው ኋላ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ከተማዋን ባለችበት ያቆያት ከአውስትራሊያ የመጣው ዛፍ ነው። ቶሎ ያድጋል፣ ቢቆረጥም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ንጉሡም ዛፉ ለተተከለበት መሬት ግብር ማሩ።

(ከፉሪ ጎን ባለው ወጨጫ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጥድ ችግኝ አስመጥተው አስተከሉ ይባላል። እዚያ የተተከለው ሊቆይ ነው፤ እዚህ የተተከለው ሊነድ።)

ብዙም ሳይቆይ እሮሮ መጣ፤ ዛፉ ውሃ ይመጣል፣ ምንጭ ያደርቃል ተባለ። በ1905 ዓ.ም. ገደማ ሁለት ሦስተኛው ተነቅሎ ለሐር ትል የሚሆን ዛፍ እንዲተካ ታዘዘ። ማን ሰማ? ገቢውን በገዛ እጁ የሚነቅል ባለመሬት የት ይገኛል!

እኔን የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። «ባሕር ዛፍ አዲስ አበባን አዳነ» እንላለን፤ ዛፍ እኮ ብቻውን ከተራራ ወርዶ ምድጃ ውስጥ አይገባም። ከእንጦጦም ሆነ ከሌላው ተራራ በጀርባቸው ያወረዱት ሴቶች ናቸው። የ1967ቱ አዋጅ መሬቱን ከባለርስቱ ነጥቆ የሕዝብ አደረገው፤ ለተሸካሚዋ ግን የተለወጠው የዘበኛው ጌታ ብቻ ነው።

አያቴን ስለ ዛፉ ብጠይቃት ስለ ምኒልክ አንድም ነገር አላለችኝም። እርጥብ ቅጠል ከደረቁ እንዴት እንደሚከብድ፣ ገመዱ ትከሻዋን እንዴት እንደላጠው፣ ዘበኛ የያዛት ቀን ሸክሙን ትቶላት ገመዱን እንደቀማት ነገረችኝ። ገመድ ደግሞ በገንዘብ ነው የሚገዛው።