ከልደታ እስከ አምቡሊ፤ የአውሮፕላን ሜዳና የከተማ ሩጫ

የጅቡቲንና የኢትዮጵያን ትስስር የሚያወሳ ጸሐፊ ሁሉ ትረካውን የሚጀምረው ከምድር ባቡሩ ነው። ተገቢም ነው፤ በፕላቶ ዱ ሰርፓን አቅራቢያ ካለው አሮጌ ጣቢያ የተነሣው ሐዲድ በ1917 አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ የሁለቱ አገሮች ኑሮ በአንድ መስመር ተሳስሯል። (ለይተን ካልጠቀስን በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከሐዲዱ በላይ በሰማይ የተዘረጋው መንገድም የራሱ ታሪክ አለው። ይህ ታሪክ ከአውሮፕላኖቹ ይልቅ ስለሚያርፉባቸው ሜዳዎች ብዙ ያስተምረናል።

ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አንድሬ ማዬ የተባለው ፈረንሳዊ አብራሪ ፖቴዝ 25 አውሮፕላን እየነዳ ከጅቡቲ ወደ ኢትዮጵያ ደጋ ወጣ። የኢትዮጵያ መንግሥት የመጀመሪያው አውሮፕላን ይህ ነበር። በዚያን ዘመን የአውሮፕላን ማረፊያ ማለት ድንጋዩ የተለቀመለት፣ ከብት እንዳይገባበት የተጠበቀ ሜዳ ማለት ነበር። ሜዳው ካልበቃ ሌላ ሜዳ ይፈለጋል እንጂ ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ ምን ይሆናል ብሎ የሚጨነቅ አልነበረም።

ይህ አሳብ ዋጋ ማስከፈል የጀመረው በአዲስ አበባው የልደታ ሜዳ ነው። በ1945 መጨረሻ የተመሠረተው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሚያዝያ 8 ቀን 1946 የመጀመሪያ በረራውን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ፤ ብዙም ሳይቆይ ጅቡቲንና ኤደንን በመስመሩ ውስጥ አስገባ። ያኔ ያገለግሉ ለነበሩት ባለ ሁለት ሞተር ዳኮታዎች ልደታ በቂ ነበረ። የጄት ዘመን ሲመጣ ግን ጉድለቱ ታየ። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ክንፍ የሚያገኘው ድጋፍና ሞተር የሚያወጣው ኃይል ይቀንሳል፤ ስለዚህ አውሮፕላኑ ከመነሣቱ በፊት ረጅም መንደርደር ይኖርበታል። ለቦይንግ 720 የሚበቃ መንደርደሪያ በልደታ አልነበረም። በምሥራቅ በኩል፣ ያኔ ከከተማው ውጭ በነበረው በቦሌ፣ አዲስ ማረፊያ ተሠርቶ በ1962 መጨረሻ ሥራ ጀመረ።

ልደታ ከዚያ በኋላ ለቀላል አውሮፕላኖችና ለጦር ኃይሉ አገልግሎት ቀረ። ዙሪያውን ቤትና መንገድ ከበበው፤ ሰፈሩም እስከ ዛሬ «ኦልድ ኤርፖርት» ይባላል። የሜዳው ትልቅነት ተረስቶ ስሙ ብቻ በታክሲ ረዳቶች አፍ ይኖራል።

ተተኪው ቦሌም ከዚህ ዕጣ አላመለጠም። በ2003 አዲስ ተርሚናል ተመረቀለት፣ በ2019 ሰፊ ማስፋፊያ ታከለለት፤ ከተማው ግን ቀድሞ ከብቦት ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2024 ከከተማዋ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በቢሾፍቱ አቅራቢያ በአቡሴራ ለሚሠራው ማረፊያ የንድፍ ውል የፈረመው ስለዚህ ነው። የአዲሱ ቦታ ከፍታ ከቦሌ ዝቅ ማለቱም አውሮፕላኖች የበለጠ ጭነት ይዘው እንዲነሡ ይረዳል። እንግዲህ አንዲት ከተማ በአንድ ምዕተ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ሦስተኛ ሜዳዋን ፍለጋ ወጣች ማለት ነው።

አሁን ወደ እኛው ከተማ እንመለስ። አምቡሊ የባሕር ዳር ሜዳ ስለሆነ የከፍታ ችግር የለበትም። ዳሩ ግን ሙቀትም አየርን ያሳሳል፤ በሐምሌ ቀትር ከ40 ዲግሪ ባለፈ ግለት የሚነሣ አብራሪ የደጋውን አብራሪ ጭንቀት በከፊል ይጋራል። ከዚህ የሚከፋው ጥበቱ ነው። በአንድ ወገን የከተማው ሰፈሮች፣ በሌላው የአምቡሊ ወንዝ ይጫኑታል፤ ወንዙ ዓመቱን ሙሉ ደርቆ ከርሞ በ2004 እንዳደረገው በድንገት ሞልቶ ሕይወት የሚቀጥፍ ነው። ከ3 ሺህ ሜትር ጥቂት ያለፈውን አንዱን መንደርደሪያ የመንገደኛ አውሮፕላኖች፣ የፈረንሳይ አየር ኃይል፣ በሌሞኒዬ ሰፈር ያሉት አሜሪካውያን፣ ከ2011 ወዲህም ጃፓኖች በጋራ ይጠቀሙበታል። የግል አውሮፕላን ወይም ሕመምተኛ የጫነች ትንሽ አውሮፕላን ተራዋን የምትጠብቀው በእነዚህ ሁሉ መካከል ነው።

መጨናነቁ ያስከተለውን አደጋ ሰው አልባዎቹ አውሮፕላኖች ገለጡት። በ2011 ጥቂቶቹ ከወደቁና የጅቡቲ ባለሥልጣናት ለመንገደኞች በረራ ከሰጉ በኋላ፣ በ2013 እነዚህ አውሮፕላኖች ከከተማው ውጭ ወደምትገኘው የሻቤሌ ሜዳ ተዛወሩ። ሻቤሌ ፈረንሳዮች የሠሯት፣ ብዙ ሰው ስሟን እንኳ የማያውቃት ትንሽ መንደርደሪያ ነበረች። ያንን ሸክም ልትቀበል የቻለችው ዙሪያዋ ገና ባዶ ስለነበረ ነው። ልደታ ያጣውን እሷ ይዛ ቆየች።

ትምህርቱ እዚህ ላይ ነው። የትንሽ አውሮፕላን ማረፊያ የረጅም ጊዜ ዕቅድ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ተርሚናልና አስፋልት ነው። ሕንፃ ግን ገንዘብ በተገኘ ጊዜ ይሠራል፤ አንዴ ቤት የተሠራበትን መሬት መልሶ ሜዳ ማድረግ ግን እጅግ ከባድ ነው። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በመንደርደሪያው ግራና ቀኝ፣ ይልቁንም በጫፎቹ አቅጣጫ፣ የሕንፃ ከፍታ እንዲገደብ የሚጠይቀው አውሮፕላን ከመሬት ከተነሣ በኋላም ነጻ ሰማይ ስለሚሻ ነው። ስለዚህ ዕቅዱ የሚጀምረው ከአጥሩ ውጭ ነው፤ የት ቤት እንደሚሠራ፣ የት እንደማይሠራ፣ ጎርፉ በየት እንደሚያልፍ ከመወሰን።

ጅቡቲ ከዋና ከተማዋ በስተደቡብ በቢሲድሌ በሐሰን ጉሌድ አፕቲዶን ስም አዲስ ዓለም አቀፍ ማረፊያ ለመሥራት ያቀደችው ከአሥር ዓመት በፊት ነው። ለፍጻሜው የታሰበው ጊዜ ቢያልፍም መንገደኛው ዛሬም የሚያርፈው በአምቡሊ ነው። አንድ ቀን ትልቁ በረራ ወደዚያ ቢሄድ አምቡሊ ምን ይሆናል? እንደ ልደታ ስም ብቻ ይቀራል፣ ወይስ ለታጁራና ለኦቦክ መንገደኛ፣ ለሕመምተኛና ለአብራሪ ተማሪ የሚያገለግል ትንሽ ሜዳ ሆኖ ይኖራል? ጥያቄው የመሐንዲሶች ብቻ አይደለም፤ በሜዳው አጠገብ መሬት የሚሸጥ፣ የሚገዛና የሚያጸድቅ ሁሉ ሳያውቀው መልስ እየሰጠ ነው። አባቶች አስቀድሞ መጥኖ መደቆስን የመከሩት ድስቱ ከተጣደ በኋላ ልቅሶ እንደማይረዳ ስላወቁ ነው። የአምቡሊ ድስት ገና ሙሉ በሙሉ አልተጣደም።