ኦሞ፡ ያልተጻፈው ልብ አንጠልጣይ

ታሪካዊ ልብወለድ ሲነሳ የእኛ አንባቢ ዓይን ወዲያው ወደ ሰሜን ይዞራል። ቋራ፣ ጎንደር፣ መቅደላ! አቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ»ን፣ ብርሃኑ ዘርይሁን ደግሞ «የቴዎድሮስ ዕንባ»ንና «የታንጉት ምስጢር»ን የጻፉት ከዚያው ከአንድ ዘመን ጓዳ ገብተው ነው። አልፈርድባቸውም። የካሳ ኃይሉ ሕይወት ደራሲ ሳይነካውም ልብ ያንጠለጥላል። እኔ ግን ዛሬ አንባቢን ከአርባ ምንጭ በኮንሶ አድርጎ፣ የወይጦን ሸለቆ አቋርጦ ወደ ቀይ አፈር በሚያደርሰው መንገድ ልወስድ ፈልጌአለሁ።

ቀይ አፈር የበና ፀማይ ወረዳ ከተማ ናት። መንገዱ እዚያ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል፤ አንደኛው ወደ ጂንካ ይቀጥላል፣ ሌላኛው ወደ ዲመካና ወደ ቱርሚ ይወርዳል። ሐሙስ ገበያው ሲቆም በናው፣ ፀማዩ፣ አሪውና ሐመሩ ይገናኝበታል። በአንዱ ሐሙስ ከአንድ ወጣት መምህር ጋር ቡና ስንጠጣ ሥራዬን ጠየቀኝና ነገርኩት። ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና፣ «በእኛ አገር ልብወለድ የሚሆን ታሪክ አልተፈጸመም እንዴ?» አለኝ። የፍቅረማርቆስ ደስታን «ከቡስካ በስተጀርባ» አነሳሁለት። «እሱንማ አንብቤዋለሁ፤ እሱ ስለ ባህሉ ነው። እኔ የምጠይቅህ ስለ ታሪኩ ነው» ብሎ መለሰልኝ።

መልሱ አጭር ነው፤ ተፈጽሟል። እንዲያውም የስለላ መጽሐፍ ደራሲዎች አስበው የማያገኙት ዓይነት ታሪክ ተፈጽሟል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ድረስ አውሮፓውያን ጂኦግራፈሮች የኦሞ ወንዝ መጨረሻው ወዴት እንደሆነ ይከራከሩ ነበር። በሶባት በኩል ወደ ዓባይ ይገባል የሚሉ ነበሩ፤ ኦስትሮ ሃንጋሪያዊው መኳንንት ቴሌኪ በ1880 ደርሶ «ሩዶልፍ» ብሎ ወደ ሰየመው፣ ዛሬ ቱርካና ወደምንለው ሐይቅ ይፈሳል የሚሉም ነበሩ። በዳሩ የሚኖረው ሰው ወንዙ የት እንደሚገባ ጠንቅቆ ያውቅ ነበር። እሱን የጠየቀው ግን የለም። ጥያቄው በምርምር ስም ቢቀርብም ሆዱ ውስጥ ሌላ ነገር ነበረው። ወንዙን ያወቀ ድንበሩን ያሰምራል፤ ድንበሩን ያሰመረ የዝሆን ጥርሱን ንግድ ይይዛል።

ይህን እንቆቅልሽ ሊፈታ የተነሳው የፓርማው ተወላጅ ሻምበል ቪቶሪዮ ቦቴጎ ነበር። በኢጣሊያ የጂኦግራፊ ማኅበር አይዞህ ባይነት፣ ቫኑቴሊና ቺቴርኒ የተባሉ ሁለት መኮንኖችን፣ ዶክተር ሳኪ የተባለ የሳይንስ ሰውንና ወደ 250 የሚጠጉ አስካሪዎችን ይዞ፣ በ1888 መጀመሪያ ላይ ከሶማሊያ ጠረፍ ከብራቫ ወደ መሀል አገር ገባ። ዓመተ ምሕረቱን ልብ ይሏል። የካቲት 23 ቀን 1888 አድዋ ላይ የሆነው በሆነ ጊዜ ቦቴጎ ፖስታም ሆነ የስልክ ሽቦ በማይደርስበት በረሃ ውስጥ ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት አባያ ሐይቅን በንግሥቱ ስም «ማርጌሪታ» ብሎ ሰየመ፤ ጫሞን ደግሞ ከእሱ በፊት መጥቶ ዝሆን በገደለው በአገሩ ልጅ በሩስፖሊ ስም ጠራው። ከዚያ ወደ ኦሞ ዞረና ወንዙን ተከትሎ ወርዶ፣ በነሐሴ 1888 ከሐይቁ ደረሰ። እንቆቅልሹ ተፈታ።

እንግዲህ ልብ አንጠልጣይ የሚባለው ጽሑፍ ምስጢሩ ምንድነው? እንደኔ ከሆነ ጥይቱና ሩጫው አይደለም። አንባቢው የሚያውቀውን ባለታሪኩ አለማወቁ ነው። ቦቴጎ ለሐይቆቻችን የንጉሣውያን ቤተሰቡን ስም ሲያድል አንባቢው የአድዋን ውጤት ያውቃል። ቦቴጎ ወደ ሰሜን ምዕራብ ታጥፎ ወደ ባሮ አገር ሲያመራ፣ በጥቅምት 1889 አዲስ አበባ ላይ የሰላም ውል እንደተፈረመም አንባቢው ያውቃል። በዚህ መካከል የዝሆን ጥርሱንና የተሰበሰበውን ሁሉ ይዞ ከሐይቁ ወደ ጠረፍ የተመለሰው ሳኪ መንገድ ላይ ተገደለ። ቦቴጎ ራሱ ቄለም ውስጥ ጊዳሚ፣ የደጃዝማች ጆቴ ቱሉ ግዛት ሲደርስ ተከበበ። እጅህን ስጥ ቢባል እምቢ አለ። በመጋቢት 1889 ዳጋ ሮባ ከተባለች ኮረብታ ላይ ወደቀ። አገሩ ከኢትዮጵያ ጋር ከታረቀች አምስት ወር ሊሞላት ነበር! የተማረኩት ቫኑቴሊና ቺቴርኒ ከወራት በኋላ በአፄ ምኒልክ ትእዛዝ ተለቀቁና አገራቸው ገብተው ስለ ጉዞው መጽሐፍ ጻፉ።

ይህ ግን የታሪኩ ግማሽ ብቻ ነው። በዓመቱ፣ በ1890፣ ሦስት መንግሥታት አንዱ ሌላውን በዓይኑ ሳያይ ይሽቀዳደም ጀመር። ፈረንሳዊው ማርሻን ወደ ፋሾዳ ይገሰግሳል። እንግሊዛዊው ሻለቃ ማክዶናልድ ከኡጋንዳ በኩል ወደ ሰሜን ሊወጣ ተነስቷል። አፄ ምኒልክ ደግሞ ከፋን የያዙትን ራስ ወልደ ጊዮርጊስን እስከ ሩዶልፍ ሐይቅ ድረስ ሄደው ግዛቱን እንዲይዙ አዘዙ። ሠራዊቱ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ነበር። ከዚህ ሠራዊት ጋር አሌክሳንደር ቡላቶቪች የተባለ የ27 ዓመት የሩሲያ ፈረሰኛ መኮንን አብሮ ዘመተ። በየሰፈሩ ፀሐይንና ከዋክብትን እየለካ ካርታ ይሠራ ነበር። ሠራዊቱ በረሃብና በበሽታ እየተጎዳ በዚያው ዓመት በመጋቢት ግድም ሐይቁ ዘንድ ደርሶ ሰንደቅ ዓላማ ተከለ። የማክዶናልድ ሰዎች በሻምበል ኦስቲን መሪነት የደረሱት ከወራት በኋላ ነው። ያገኙትም የተዘረፈና ሰው የራቀው አገር ነበር።

የቡላቶቪች ኋላ ሕይወት ለብቻው መጽሐፍ ይወጣዋል። ሰይፉን ጥሎ መነኮሰ፤ በአቶስ ተራራ የእግዚአብሔርን ስም አስመልክቶ በተነሳው ታላቅ የሃይማኖት ክርክር የአንዱ ወገን መሪ ሆነ፤ በመጨረሻም በ1912 በአገሩ ተገደለ። ኢልፍና ፔትሮቭ የተባሉት የሩሲያ ቀልደኛ ደራስያን «አሥራ ሁለቱ ወንበሮች» ውስጥ የመነኮሰ ፈረሰኛ ያስገቡት ከእሱ ሕይወት ተነስተው ነው። እነሱስ ተጠቅመውበታል። እኛ ግን ምንም።

ለምን? አንዳንዱ ሰው አማርኛ ለዚህ ዓይነት አጻጻፍ እንግዳ ነው ይላል። ይህን አልቀበልም። «ልብወለድ» የሚለው ስም የተገኘበት፣ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተመው መጽሐፍ፣ ወንድ መስላ በለበሰችው በጦቢያ ላይ የቆመ ነው፤ ማንነቷ ይታወቅ ይሆን እያልን እስከ መጨረሻው እንሰጋለን። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ም በ1975 ሲወጣ የትናንት ወሬ ነበር። ዛሬ ሲነበብ በስለላ የተሞላ ታሪካዊ ልብወለድ ሆኗል። ደራሲው ራሱ በ1976 የካቲት ወጥቶ አለመመለሱ የመጽሐፉ ተጨማሪ ምዕራፍ ይመስላል። ቋንቋው ችሎታ አላነሰውም።

ችግሩ ሌላ ይመስለኛል። የኦሞን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ከየትኛው ወገን ቆሞ እንደሚያይ መወሰን አለበት። በቦቴጎ ዓይን ከጻፈው የአሳሽ ጀብዱ ይሆንበታል። በራስ ወልደ ጊዮርጊስ በኩል ከሆነ የድንበር ማስከበር ታሪክ ነው፤ ይህም ሐሰት አይደለም፤ ያ ዘመቻ ባይኖር ካርታችን ዛሬ ያለውን ቅርጽ ላይይዝ ይችል ነበር። ለሐመሩ፣ ለዳሰነቹ፣ ለበናው ግን ሁሉም ከአድማስ ማዶ አቧራ እያስነሳ የሚመጣ ባለጠመንጃ ነው። አንዱ የዝሆን ጥርስ ይፈልጋል፣ አንዱ ከብት፣ አንዱ ባሪያ፣ ሌላው ደግሞ ኮከብ ይለካል። የዚያ አገር እናት ከብቶቹን ወዴት እንደሚያሸሹ፣ የታመመውን ማን እንደሚሸከም ስታስብ የምታድረው ሌሊት ከማንኛውም የስለላ ታሪክ ይበልጥ ልብ ያንጠለጥላል። እስከ ዛሬ የጎደለን ይህ ምዕራፍ ነው። ሰሜነኛ ደራሲ ከአዲስ አበባ ሆኖ ቢሞክረው ያበላሸዋል ብዬ እፈራለሁ፤ ምኞቴ ያ መምህር ከሚያስተምራቸው ልጆች አንዱ እንዲነሳ ነው።

ለመነሻ የሚሆነውን ደግሞ ራሱ ቡላቶቪች ትቶለታል። ሠራዊቱ ሐይቁ አጠገብ ሳለ ሩሲያዊው ክፉኛ የቆሰለ፣ ገና የጥቂት ዓመት ሕፃን ያገኛል። ቁስሉን አስሮ፣ ለወታደሮቹ አሸክሞ፣ አዲስ አበባ ድረስ ያመጣዋል፤ ከዚያም ባሕር ተሻግሮ ሩሲያ ይወስደዋል። ያነሱትን ፎቶግራፍ አይቼዋለሁ። ልጁ የሩሲያ ልብስ ለብሶ ቀጥ ብሎ ወደ ካሜራው ያያል። ስሙን ቫስካ ብለውታል።