ባለ አንድ መወጣጫ

ደረጃ ስንል መወጣጫውንም፣ ማዕረጉንም፣ ጥራቱንም ማለታችን ስለሆነ፣ «ባለ አንድ ደረጃ አፓርታማ» ሲባል አንደኛ ደረጃ ቤት የመሰለው ሰው አይፈረድበትም። «ባለ አንድ መወጣጫ» ማለቱ ይሻላል፦ ነዋሪው ሁሉ የሚወጣበትና የሚወርድበት፣ እሳት ሲነሳም የሚያመልጥበት ደረጃ አንድ ብቻ የሆነ ሕንፃ ማለት ነው። ሊፍት ከቁጥር አይገባም።

በአብዛኛው አሜሪካ የግንባታ ደንቡ ከሦስት ወለል በላይ ለሆነ አፓርታማ ሁለት መወጣጫ ያስገድዳል። ሁለቱን ለማገናኘት ረጅም ኮሪደር ሕንፃውን መሃል ለመሃል ይሰነጥቀዋል፤ ቤቶቹ ግራና ቀኝ ይደረደራሉ፤ የአብዛኞቹም መስኮት በአንድ ወገን ብቻ ይቀራል። መወጣጫው አንድ ሲሆን ግን ቤቶቹ ደረጃውን ከበው ስለሚሠሩ ነፋስ በአንዱ መስኮት ገብቶ በሌላው ይወጣል። ጠባብ ቦታም ለግንባታ ይበቃል።

ብዙ ሐበሻ የሚኖርባት ሲያትል በአንድ መወጣጫ እስከ 6 ወለል ትፈቅዳለች፤ ሆኖም በየወለሉ ከ4 ቤት እንዳይበልጥ፣ እሳት ሲነሳ ውሃ የሚረጭ መሣሪያም እንዲገጠም ታዛለች። የካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያም እ.ኤ.አ. በ2024 እስከ 6 ወለል ፈቅዳለች። እንግሊዝ በአንጻሩ ጠበቅ አድርጋለች፤ እ.ኤ.አ. በ2017 ባለ አንድ መወጣጫው፣ ባለ 24 ወለሉ የግሬንፌል ሕንፃ ተቃጥሎ 72 ሰዎች ካለቁ በኋላ፣ ከ18 ሜትር በላይ ለሚሠሩ አዳዲስ አፓርታማዎች ሁለተኛ መወጣጫ እንዲኖር ወስናለች።

እንግዲህ «አንድ መወጣጫ ይበቃል ወይ?» የሚል ሰው አስቀድሞ የሕንፃውን ቁመት፣ በየወለሉ ያለውን የቤት ብዛትና የእሳት መከላከያውን ይጠይቅ።