የሙጫው ድስትና ሦስቱ የሙቀት መንገዶች፦ የ1889 የሲያትል ቃጠሎ

የውጫሌ ውል በተፈረመ በ35ኛው ቀን፣ ማለትም ግንቦት 30 ቀን 1881 ዓ.ም.፣ በአሜሪካ ሰሜን ምዕራብ ዳርቻ በኤሊየት ባሕረ ሰላጤ ዳር የተቆረቆረችው ሲያትል የንግድ እምብርቷን በአንድ ከሰዓትና በአንድ ሌሊት አጣች። ቀኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጁን 6 ቀን 1889 ነው፤ ከዚህ በታች የምናነሣቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። እሳቱን ማን አስነሣው የሚለው ጥያቄ ከማግስቱ ጀምሮ ብዙ ቀለም ፈሶበታል። ሙቀቱ ከአንድ ድስት ተነሥቶ ከተማ እስኪያጠፋ ድረስ በምን በምን መንገድ እንደ ተጓዘ ግን ከዚያ ያነሰ ተጠይቋል። ሁለቱን ጥያቄዎች ለይተን እንመረምራለን፤ ለአንደኛው የተገኘው መልስ ለሁለተኛውም እንደሚበቃ አድርጎ መቁጠር ሚዛን ያዛባልና።

በመጀመሪያ የመነሻው ነገር። በማግስቱ የወጣው የሲያትል ፖስት ኢንተለጀንሰር ጋዜጣ ቃጠሎው ከጂም መጎው የቀለም ሱቅ እንደ ተነሣ ጻፈ። ሁለት ሳምንት ቆይቶ፣ ጁን 21፣ ይኸው ጋዜጣ ራሱን አርሞ፣ እሳቱ የተነሣው ከሱቁ በታች፣ በፖንቲየስ ሕንፃ ምድር ቤት ከነበረው የክሌርሞንት የአናጢ ሥራ ቤት መሆኑን አስታወቀ። እርማቱ ግን እንደ ስሕተቱ አልተሰማም፤ በ1951 የታተመው የመሬይ ሞርጋን ታዋቂ መጽሐፍ «ስኪድ ሮድ» እንኳ የፊተኛውን ወሬ ደግሞታል። እኛ የኋለኛውን የምንቀበለው ዘግይቶ ስለ መጣ ብቻ አይደለም፤ ሙጫውን የጣደው ሠራተኛ በራሱ ላይ የሚመሰክር ቃል ስለ ሰጠበት ነው። ራሱን የሚያስወቅስ ነገር የሚናገር ምስክር፣ ጭሱን ከመንገድ ማዶ አይቶ ከሚያወራው ይልቅ ሊደመጥ ይገባል።

ይህ ሰው አንዳንዶች ጆን ባክ፣ ሌሎች ጆን ቤክ ብለው የሚጽፉት ስዊድናዊ ነበር። እንደ ቃሉ ከሆነ፣ አናጢዎቻችን ኮላ የሚሉትን ሙጫ በምድጃ ላይ ጥዶ ጥቂት ራቅ ብሎ ይሠራ ነበር፤ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል ገደማ ሙጫው ተያያዘ፤ አንድ የሥራ ባልደረባው በሳንቃ ሊያፍነው ሲሞክር ሳንቃው ራሱ ነደደ፤ በዚህ ጊዜ ባክ ውሃ ደፋበት። ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ መጠኑ 1,700 ጊዜ ያህል ይሰፋል፤ በጋለ ዘይት ላይ የውሃ ጠብታ ያረፈበት ሰው ይህን ያውቀዋል። የሚነደው ሙጫ ተፈናጥሮ ወለሉን በሸፈነው የእንጨት ፍቅፋቂና ተርፔንታይን ላይ አረፈ።

ከምድጃው ብረት ወደ ድስቱ፣ ከድስቱ ወደ ሙጫው ያለፈው ሙቀት በንክኪ የሚተላለፈው ነው፤ የዚህን ሕግ ፈረንሳዊው ጆሴፍ ፉርዬ በ1822 ባሳተመው መጽሐፍ አስፍሮታል። ሁለተኛው መንገድ ፍሰት ነው፤ የጋለ አየር ወይም ውሃ ቀልሎ ሲነሣ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ሦስተኛው ጨረራ ነው፤ ለመሻገር ምንም የሚሸከመው አይፈልግም። የጨረራን ልክ ጆሴፍ ስቴፋን በ1879 አገኘው፣ ሉድቪግ ቦልትዝማን በ1884 በስሌት አጸናው። ስለዚህ ሲያትል በተቃጠለችበት ዓመት የሦስቱም መንገዶች መሠረታዊ ዕውቀት በመጻሕፍት ነበረ፤ ከተማይቱ ግን የተሠራችው ሦስቱንም ከፍታ ነው።

ለፍሰት የተከፈተው በር ከእግር በታች ነበር። የከተማይቱ ዝቅተኛ ክፍል በከፊል የሄንሪ የስለር መሰንጠቂያ በሚያወጣው ሰጋቱራ የተደለደለ የባሕር ዳር ረግረግ ነበር፤ መንገዶቹና የእግረኛ መተላለፊያዎቹ ከሥራቸው ባዶ የሆኑ የሳንቃ ርብራቦች ነበሩ። እሳቱ በዚያ ባዶ ቦታ አየር እየሳበ ሮጠ። የዲትዝና ሜየር መጠጥ መደብር አልኮል ሲፈነዳ፣ ሽቅብ የሚወጣው የጋለ አየር ፍም እያነሣ ለነፋሱ አስረከበው።

ምስክሮቹ ይበልጥ የሚለያዩት እሳቱ መንገድ «ዘለለ» በሚሉበት ቦታ ነው። ከንቲባው ሮበርት ሞራን የእሳቱን መንገድ ለመቁረጥ የኮልማን ሕንፃዎች በፈንጂ እንዲፈርሱ አዘዙ፤ እሳቱ ግን ክፍተቱን ተሻገረ። ገሚሱ ፍሙን፣ ገሚሱ የነበልባሉን ግለት ይወቅሳል። እኛ ሁለቱ ቃሎች የሚጣሉ አይመስለንም። በስቴፋን ሕግ ከፍጹም ዜሮ የሚለካው ሙቀት እጥፍ ሲሆን ጨረራው 16 እጥፍ ይሆናል፤ ጨረራው የማዶውን ግድግዳ አድርቆና አግሎ ያሰናዳል፣ ፍሙም ይለኩሰዋል። ለዚህ ከተረፉት ቤቶች የሚበልጥ ማስረጃ የለንም፦ የፍርድ ቤቱን ሕንፃ ባልዲ ውሃ፣ የየስለርን መኖሪያ እርጥብ ብርድ ልብስ አዳናቸው። እርጥበቱ ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ ከሥሩ ያለው እንጨት ከ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብዙም አያልፍም፤ እንጨት የሚቀጣጠለው ደግሞ ከዚያ እጅግ በላቀ ግለት ነው።

ውሃ ግን ለሁሉም አልደረሰም። የስፕሪንግ ሂል የግል ኩባንያ ቧምቧዎች ቀጫጭን፣ ብዙዎቹም ከተፈለፈለ ግንድ የተሠሩ ነበሩ፤ ጎማዎቹ በበዙ ቁጥር ግፊቱ ወደቀ፣ ባሕሩም በዚያ ሰዓት ሸሽቶ ነበር። የእሳት አደጋ አለቃው ጆሳያ ኮሊንስ በሳን ፍራንሲስኮ መሆናቸውም ይነሣል፤ ሆኖም አለቃ ቢገኝ ባዶ ቧምቧ ይሞላል ለማለት አንደፍርም። የጠፋው ልክ እንኳ አንድ ቁጥር የለውም፤ የተቃጠለውን 25 ብሎክ የሚሉ አሉ፣ 29 የሚሉም አሉ፤ የኪሳራው ግምት ከ8 እስከ 20 ሚሊዮን ዶላር ይዋልላል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ውሳኔ ለሁለተኛው ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነበር። ጁላይ 8 ነዋሪዎቹ ውሃው የከተማው እንዲሆን በ1,875 ድምፅ ለ51 ወሰኑ፤ በኦክቶበር ደመወዝተኛ የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ፤ በመሃል ከተማው በእንጨት መሥራት ተከልክሎ ጡብና ድንጋይ ታዘዘ። እዚህ ላይ የሚቃረን የሚመስል ነገር አለ፤ ጡብ ሙቀትን በንክኪ ከእንጨት ብዙ ጊዜ አብልጦ ያስተላልፋል። ይሁን እንጂ እንጨት የተቀበለውን ግለት ወደ ውስጥ ማሳለፍ ስለሚያቅተው ገጹ ላይ አከማችቶ ይነድዳል፤ ጡብ ወደ ውፍረቱ ያሰራጨዋል፣ ራሱም ነዳጅ አይሆንም።

መጎውን ከሐሰት ወሬ ነጻ ማውጣት የታሪክ ጸሐፊ ዕዳ ነው፤ ባክም የከተማይቱን ዕዳ ብቻውን እንዳይሸከም ማድረግ እንዲሁ። የእሱ ስሕተት አንድ ድስት ሙጫ ነበር፤ ከሙጫው እስከ ባሕሩ ያለውን መንገድ ለሙቀት ያነጠፉት ሳንቃው፣ ሰጋቱራውና ግንዱ ቧምቧ ናቸው፤ እነዚህንም ከተማይቱ ከቃጠሎው በፊት ለብዙ ዓመታት በገዛ እጇ ስትዘረጋ ኖራለች።