የኪራይ አፓርታማ ሕንፃ ኢንቨስትመንት

በአንድ ሕንፃ ወይም ግቢ ውስጥ ያሉ በርካታ መኖሪያ ቤቶችን በአንድ ባለቤት ስም ይዞ ማከራየት ነው። በአዲስ አበባ ከሚታወቀው ኮንዶሚኒየም የሚለየው በባለቤትነቱ ነው፤ ኮንዶሚኒየሙ ቤት በቤት ለየባለዕጣው ሲተላለፍ፣ እዚህ ግን ባለቤቱ አንድ፣ ተከራዩ ብዙ ነው።

ዘርፉ በሰፊው በተስፋፋባት አሜሪካ ድንበሩ አራተኛው ቤት ላይ ነው። ከሁለት እስከ አራት ቤት ያለው ሕንፃ እንደ ማንኛውም መኖሪያ በሞርጌጅ ይገዛል። ገዢው በአንዱ ቤት ራሱ የሚኖርበት ከሆነና መስፈርቱን ካሟላ፣ የፌዴራሉ የቤቶች አስተዳደር ዋስ በሚሆንበት ብድር 3.5 በመቶ ቅድመ ክፍያ ይበቃዋል። አምስትና ከዚያ በላይ ሲሆን ብድሩ የንግድ ይሆናል፤ አበዳሪው ከገዢው ደሞዝ ይልቅ የሕንፃውን ገቢ ይመረምራል።

ስሌቱ እንዲህ ነው። እያንዳንዳቸው በወር 1,500 ዶላር የሚከራዩ አሥር ቤቶች በዓመት 180,000 ዶላር ያስገባሉ። ባዶ ለሚቆዩ ቤቶች 5 በመቶ ሲቀነስ 171,000 ይቀራል። ለጥገና፣ ለኢንሹራንስ፣ ለንብረት ግብርና ለአስተዳደር 71,000 ከወጣ የተጣራው ገቢ 100,000 ዶላር ነው። የብድር ክፍያ እዚህ ውስጥ አይገባም፤ ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚምታታባቸው ይህ ነው። በአካባቢው ተመሳሳይ ሕንፃዎች ከዋጋቸው 5 በመቶ የሚያስገኙ ከሆነ ሕንፃው 2 ሚሊዮን ዶላር ያወጣል። ገበያው 6 በመቶ መጠየቅ ከጀመረ ግን፣ ከኪራዩ ሰባራ ሳንቲም ሳይጎድል ዋጋው ወደ 1.67 ሚሊዮን ይወርዳል። ይህ መቶኛ በደላሎች አፍ «ካፕ ሬት» ይባላል።

ዛሬ በሚገኘው ሳይሆን ነገ ይገኛል በተባለ ኪራይ መግዛት ምን እንደሚያስከትል በኒውዮርክ ታይቷል። ሜትላይፍ የተባለው የኢንሹራንስ ኩባንያ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በማንሃተን የከፈታቸው ስታይቨሰንት ታውንና ፒተር ኩፐር ቪሌጅ የተባሉ የመኖሪያ መንደሮች ከ11,000 በላይ ቤቶች አሏቸው። እ.ኤ.አ. በ2006 ቲሽማን ስፓየርና ብላክሮክ የተባሉ ኩባንያዎች በ5.4 ቢሊዮን ዶላር ገዟቸው። አብዛኞቹ ቤቶች ኪራያቸው በሕግ የተገደበ ነበር። የገዢዎቹ ሐሳብ ነባር ተከራዮች በለቀቁ ቁጥር ቤቱን አድሶ በገበያ ዋጋ ማከራየት ነበር።

ነባሮቹ ግን እንደታሰበው አልለቀቁም። ተከራዮች ከሰው ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2009 ፈረደላቸው፦ ባለቤቶቹ የግብር ቅናሽ እየተጠቀሙ ቤቶቹን ከኪራይ ገደብ ማውጣት አይችሉም። ገቢው ዕዳውን መሸፈን ስላቃተው እ.ኤ.አ. በጥር 2010 ንብረቱ ለአበዳሪዎች ተለቀቀ። ከከሰሩት አንዱ የካሊፎርኒያ የመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ ፈንድ ሲሆን ያጣው ወደ 500 ሚሊዮን ዶላር ነው። የጡረተኛ ገንዘብ እንዲህ ባለ ተስፋ ላይ መዋሉ ያስገርማል። ብላክስቶንና የካናዳው ኢቫንሆ ካምብሪጅ እ.ኤ.አ. በ2015 ሲገዙት 5,000 ያህል ቤቶች ለ20 ዓመት መካከለኛ ገቢ ላላቸው ተከራዮች እንዲቆዩ ተስማሙ።

ስለዚህ ገዢ ከሕንፃው መሠረት ቀጥሎ የሚያየው የከተማውን የኪራይ ሕግ ነው። በርካታ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ዋሽንግተን ዲሲ ባለቤቱ የኪራይ ሕንፃውን ሲሸጥ በአብዛኛው ለተከራዮቹ ቀድመው የመግዛት ዕድል መስጠት አለበት፤ ሕጉ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ ያለ ነው። በኢትዮጵያም በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል፤ ጭማሪውንም በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው መጠን ወስኗል።